የታሪክ ትምህርት በርቀት፦ ምንጩ ከደጃፍ፣ መምህሩ ከሩቅ

ታሪክን በዩኒቨርሲቲ ደረጃ መማር የሚሻ ሰው ሁሉ ግቢ ገብቶ፣ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ፣ መምህሩን ፊት ለፊት እየጠየቀ የመማር ዕድል አያገኝም። በወረዳ ከተማ የሚያስተምር መምህር፣ ቀኑን በጽሕፈት ቤት የምታሳልፍ ሠራተኛ፣ እርሻውንና ቤተሰቡን ጥሎ መሄድ የማይችል የገጠር ነዋሪ ዲግሪን የሚያስቡት በርቀት ትምህርት ነው። ሞጁል ይወስዳሉ፤ በቤታቸው ያነባሉ፤ በየጊዜው ወደ ማዕከል እየሄዱ ማብራሪያ ይከታተላሉ፤ አሳይመንት ያስረክባሉ፤ ይፈተናሉ።

በኢትዮጵያ ስለ ርቀት ትምህርት ሲነገር ቀድሞ የሚነሳው የጥራት ወቀሳ ነው፤ ወቀሳውም ያለ ምክንያት አልመጣም። ይሁን እንጂ የታሪክ ትምህርት ከብዙ መስኮች የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ኬሚስትሪ የሚማር ሰው ከቤተ ሙከራ በራቀ ቁጥር ይጎዳል። የታሪክ ተማሪ ግን ከዋና ከተማ ሲርቅ ወደ ምንጩ ሊቀርብ ይችላል። ያለፈውን የሚያስታውሱት አዛውንቶች፣ የደብሩ መዛግብት፣ የጥንቱ የጦር ሜዳና የገበያ ስፍራ የሚገኙት እርሱ በሚኖርበት አካባቢ ነው። ችግሩ የትምህርቱ አሰጣጥ ይህን ብልጫ አለመጠቀሙ ነው። የዚህ ኪሳራ በተማሪው ላይ ብቻ አይቀርም፤ ልጆቹን ለታሪክ መምህር አደራ የሚሰጠውን ገበሬና የከተማ ነዋሪም ይነካል።

ከለንደን እስከ አቃቂ

በርቀት ተምሮ ዲግሪ መያዝ የቅርብ ጊዜ ፈጠራ አይደለም። የለንደን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1858 ፈተናዎቹን በግቢው ላልተማሩ ሰዎች ክፍት በማድረግ መንገዱን ጠረገ። የደቡብ አፍሪካው ዩኒሳ እ.ኤ.አ. በ1873 ፈታኝ ተቋም ሆኖ ተመሥርቶ ከ1946 ጀምሮ ትምህርቱን በርቀት መስጠት ቀጠለ። ኔልሰን ማንዴላ የሕግ ዲግሪያቸውን እ.ኤ.አ. በ1989 ያገኙት በእስር ላይ ሳሉ ከዚሁ ዩኒቨርሲቲ በርቀት ተምረው ነው። ዩኒሳ በአዲስ አበባ አቃቂም ማዕከል ከፍቶ ኢትዮጵያውያንን በሁለተኛና በሦስተኛ ዲግሪ አስተምሯል።

ኦፕን ዩኒቨርሲቲ የሚባለው የብሪታንያ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቁሞ በ1971 ማስተማር ጀመረ። ለአብዛኞቹ የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርቶቹ የመግቢያ ውጤት አይጠይቅም። ለብዙ ዓመታት ትምህርቱን በቢቢሲ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጭምር ሲያሰራጭ ቆይቷል። ይህ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ስለ ቤተሰብና ስለ ማኅበረሰብ ታሪክ ያዘጋጀው ኮርስ ለዛሬው ጉዳይ ጥሩ ማስረጃ ነው። የኮርሱ መጻሕፍት በአራት ቅጽ እ.ኤ.አ. በ1994 የታተሙ ሲሆን፣ ተማሪዎቹ እነርሱን አንብበው በመፈተን ብቻ አይወሰኑም ነበር። እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ቤተሰብ ወይም የሚኖርበትን አካባቢ መርጦ መዛግብት እያገላበጠ፣ ሰዎችን እየጠየቀ የጥናት ጽሑፍ እንዲያዘጋጅ ይጠበቅበት ነበር። ከዩኒቨርሲቲው መራቁ እንቅፋት መሆኑ ቀርቶ የጥናቱ መነሻ ሆነ።

ከዚህ ልምድ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የርቀት ትምህርት ጥራት የሚለካው ተማሪው ከመምህሩ በስንት ኪሎ ሜትር በመራቁ አይደለም። ተማሪው ምን እንዲሠራ ይጠየቃል? የሠራውንስ ማን አይቶ ያርመዋል? የሚሉት ጥያቄዎች ናቸው ወሳኞቹ።

ወቀሳው ከየት መጣ?

በኢትዮጵያ የርቀት ትምህርት ከሬዲዮ ትምህርትና ከመምህራን ሥልጠና ጋር የተያያዘ ረጅም ዕድሜ አለው። የግል ኮሌጆች በተስፋፉበት ጊዜ ደግሞ ብዙ ሺህ ሰዎችን የሚያቅፍ የዲግሪ መንገድ ሆነ። መስፋፋቱ ከቁጥጥሩ ስለፈጠነ በ2002 ዓ.ም ማብቂያ ላይ ትምህርት ሚኒስቴር በጥራት ምክንያት የርቀት ትምህርትን ማገዱን አስታውቆ ነበር። እገዳው ኋላ ላይ ላልቶ ትምህርቱ ቢቀጥልም ጥርጣሬው ግን አብሮ ቀጠለ።

የታሪክ ትምህርት ደግሞ የራሱ ፈተና ነበረበት። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለው ምደባ ከ100 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች 70ውን ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ውን ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ የሚልክ ነበር። ታሪክን የመሰሉ መስኮች ከዚህ ጠባብ ድርሻ ላይ ተካፋይ ሆኑ። በሥራ ገበያውም የታሪክ ምሩቅ ዋና መዳረሻ ማስተማር በመሆኑ፣ ብዙዎች ትምህርቱን የሚመርጡት ወደውት ሳይሆን የደረጃ ዕድገት ለማግኘት ወይም ሌላ ምርጫ በማጣት ነው። ለወረቀት ሲባል የሚማሩት ትምህርት ደግሞ ወረቀት ብቻ ይዞ መውጣትን ያስከትላል።

በ2015 ዓ.ም የተጀመረው ሀገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ይህን ስጋት ወደ ቁጥር ለወጠው። በዚያ ዓመት ፈተናውን ከወሰዱት 150 ሺህ ያህል ተማሪዎች የማለፊያውን 50 በመቶ ያገኙት ከ100 ሰዎች 41 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ከመንግሥት ተቋማት ከ100 ተፈታኞች 62 ያህሉ ሲያልፉ ከግል ተቋማት ያለፉት 17 ያህል ናቸው። ይህ አሃዝ ሁሉንም የትምህርት መስኮች የያዘ ከመሆኑም በላይ የመደበኛና የርቀት ተማሪዎችን ስለሚያጠቃልል የርቀት ትምህርትን ለብቻው አይመዝንም። ሆኖም ብዙዎቹ የርቀት መርሐ ግብሮች የሚሰጡት በግል ተቋማት እንደመሆኑ፣ ማስጠንቀቂያነቱን ችላ ማለት አይቻልም።

ከዚህ ሁሉ ጋር የቋንቋ ጉዳይ አለ። ሞጁሉም ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው። በግቢ የሚማር ተማሪ ያልገባውን ዓረፍተ ነገር መምህሩ በአማርኛ ሲያብራራለት ይሰማል። የርቀት ተማሪው ግን በሌሊት ከሞጁሉ ጋር ብቻውን ይፋጠጣል። የአያቱን ዘመን ታሪክ፣ አያቱ ራሳቸው በአማርኛ አሳምረው የሚተርኩለትን፣ በማያዘልቀው ቋንቋ ሸምድዶ ይፈተናል። በዚህ ጭንቅ መካከል ነው አሳይመንት በክፍያ የሚሠሩ ሰዎች ገበያ የሚያገኙት። ጥያቄው ለሁሉም ተማሪ አንድ ዓይነት ከሆነና ከዓመት ዓመት ካልተለወጠ፣ መልሱ እንደ ማንኛውም ዕቃ ይሸጣል፣ ይለወጣል። የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች ከመጡ ወዲህ ደግሞ ሻጭ መፈለግ እንኳን አያስፈልግም።

ምንጩ ከደጃፍ

በርቀት የሚማረው ሰው የሚኖርበት መንደር ለታሪክ ጥናት ምን ይሰጣል? መልሱን ለማየት ከርስት መነሳት ይቻላል። በጎጃም፣ በጎንደርና በሌሎችም የሰሜን አካባቢዎች ገበሬው የርስት ድርሻውን የሚጠይቀው የትውልድ ሐረጉን እስከ ዋናው አባት ቆጥሮ ነበር። ሐረግ መቁጠር መሬት ማግኛ ስለነበር ማንም የአባቶቹን ስም በዋዛ አይረሳም። የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም ሲታወጅ ይህ ግዴታ ቀረ። ሐረጉን በቃል ይዞ ማቆየት ከዚያ ወዲህ ለመሬት ክርክር አይጠቅምም። አዋጁ ሲወጣ የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ 70 ዓመት አልፎታል። በርስት ሸንጎ ቆሞ የተከራከረውን ትውልድ ጠይቆ ለመጻፍ የቀረው ጊዜ አጭር ነው።

ሌላው ምሳሌ የጎጃም ገበሬዎች እንቅስቃሴ ነው። በ1960 ዓ.ም የወጣውን የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ የጎጃም ገበሬዎች ተቃወሙ። ግብሩ መሬት ወደ መለካት፣ መለካቱም ርስትን ወደ ማሳጣት ያደርሳል የሚል ስጋት ነበራቸው። ተቃውሞው ወደ ትጥቅ ግጭት አደገ። በመጨረሻም አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከጠቅላይ ግዛቱ ተነሡ፤ የተጠራቀመው የግብር ውዝፍም ተማረ። ይህን ታሪክ ገብሩ ታረቀ ስለ ኢትዮጵያ የገበሬ አመፆች እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት መጽሐፍ በስፋት አጥንተውታል። በአንድ መጽሐፍ ግን እያንዳንዱ ቀበሌ አይዳሰስም። በየወረዳው ማን እንዳስተባበረ፣ ገበያውና እርሻው በዚያ ወቅት እንዴት እንደዋለ፣ ሴቶች ምን እንደሠሩ የሚያውቁት በየስፍራው የቀሩት አዛውንቶች ናቸው። የ1965 እና የ1966 ዓ.ም የወሎ ድርቅ፣ የ1977 ዓ.ም ረኃብና የሰፈራ ጉዞም እንዲሁ በሕይወት ያሉ ምስክሮች አሏቸው።

የጽሑፍ ምንጭም ከመንደር አይጠፋም። በቀደመው ዘመን የመሬት ስጦታ፣ ሽያጭና ውርስ በቤተ ክርስቲያን የብራና መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ቅጠል ላይ ከምስክሮች ስም ጋር ይጻፍ ነበር። ዶናልድ ክራሚ የተባሉት የታሪክ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2000 ስለ ኢትዮጵያ መሬትና ማኅበረሰብ ያሳተሙት ሰፊ ጥናት በአብዛኛው የቆመው እነዚህን በመሰሉ የጎንደርና የአካባቢው ጽሑፎች ላይ ነው። ከእነዚያ ማስታወሻዎች ሴቶች መሬት ሲይዙ፣ ሲያወርሱና ሲከራከሩ እንደነበር ጭምር መረዳት ተችሏል። ወንጌሉን ለመሳለም ዘወትር ወደ ደብሩ የሚሄድ የርቀት ተማሪ፣ በኅዳጉ ላይ ያለው ጽሑፍ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የሚነግረው ሞጁል ግን አይኖረውም።

ሩቁን የሚያቀርቡ መንገዶች

የርቀት ተማሪው ዋና ጉድለት ቤተ መጻሕፍት ነበር። ይህ ጉድለት ሙሉ በሙሉ ባይቀረፍም ጠቧል። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በኢትዮጵያ ገዳማትና አድባራት የነበሩ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተው ቅጂያቸው በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው ሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል። ቁጥራቸው ከ8 ሺህ ይበልጣል። ዝርዝራቸውን በማዘጋጀት ረገድ የፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ድካም የሚዘነጋ አይደለም። ዛሬ ከእነዚህ ብዙዎቹን ማንም ሰው ተመዝግቦ በነጻ በበይነ መረብ ማየት ይችላል። ቀድሞ ለአንድ ተመራማሪ የአውሮፕላን ቲኬት ይጠይቅ የነበረ ንባብ፣ ዛሬ መስመሩ በሚሠራበት ቦታ በስልክ ይቻላል።

ይሁን እንጂ በበይነ መረብ ላይ ብቻ መደገፍ አደጋ አለው። የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 በደረሰበት የሳይበር ጥቃት ከመቅደላ የተወሰዱትን ጨምሮ በበይነ መረብ ይታዩ የነበሩ የብራና መጻሕፍት ከእይታ ተሰውረው ቆይተዋል። በኢትዮጵያም በጸጥታ ችግር ምክንያት የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠባቸው አካባቢዎች የኖሩ ተማሪዎች ነገሩን በሚገባ ያውቁታል። ስለዚህ የርቀት ትምህርት ከአንድ መንገድ በላይ ያስፈልገዋል። የታተመ ሞጁል፣ በስልክ ላይ ተጭኖ ያለ መስመር የሚነበብ ጽሑፍ፣ በወረዳ ቤተ መጻሕፍት የሚቀመጥ ቅጂ እና በሬዲዮ የሚተላለፍ ማብራሪያ ቢደጋገፉ አንዱ ሲቋረጥ ሌላው ይሠራል። ሬዲዮ በተለይ ለታሪክ ይመቻል፤ ተማሪው ብቻ ሳይሆን ቤተሰቡና ጎረቤቱም አብረው ይሰማሉና።

ሊሸጥ የማይችል አሳይመንት

ከላይ የተጠቀሰው የብሪታንያ ልምድ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ምን ሊመስል ይችላል? ስለ ጣሊያን ወረራ ዘመን የሚማር የርቀት ተማሪ «የወረራውን መንስኤዎች ዘርዝር» ከሚባል ይልቅ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም በሚኖርበት ወረዳ ምን እንደተፈጸመ እንዲያጣራ ሊጠየቅ ይችላል። ያንን ዘመን በዐይኑ ያየ ሰው ማግኘት እጅግ ቢከብድም ከወላጆቹ የሰማ አይጠፋም። ተማሪው የሰማውን ከታተመ መጽሐፍ ጋር ያስተያያል። ምሽግ፣ መንገድ ወይም ድልድይ ካለ ሄዶ ያያል። የተስማሙበትንና የተለያዩበትን ለይቶ ይጽፋል።

እንዲህ ያለው ሥራ በገበያ አይገኝም። መጽሐፍ ገልባጭም ሆነ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በአንድ ቀበሌ የሚኖሩ አዛውንት ትናንት ምን እንደነገሩ ሊያውቅ አይችልም። መምህሩም በማብራሪያው ቀን ሁለት ሦስት ጥያቄ ቢጠይቅ ሥራው የተማሪው መሆን አለመሆኑ ይታወቃል። ከሁሉም በላይ ተማሪው ታሪክ የሚባለው ነገር የተዘጋጀ ትረካ ሳይሆን በማስረጃ የሚጣራ ዕውቀት መሆኑን በእጁ ይማራል። ይህን የተማረ መምህር የገበሬውንና የከተሜውን ልጅ ሲያስተምር የሚያስተምረው ቀንና ስም ብቻ አይሆንም።

ለዚህ የሚቀርበው ተቃውሞ የወጪና የሰው ኃይል ነው። የብዙ ተማሪዎችን የምርጫ ጥያቄ ማረም ቀላል ሲሆን፣ የብዙ ተማሪዎችን የጥናት ጽሑፍ አንብቦ አስተያየት መስጠት ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃል። ተቃውሞው እውነት ነው። ነገር ግን በየኮርሱ ሳይሆን በትምህርት ዘመኑ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ማድረግ ይቻላል። የመውጫ ፈተናውም ሽምደዳን ብቻ ሳይሆን ምንጭ ማመዛዘንን የሚጠይቅ ቢሆን ተቋማቱ ወደዚያ ማዘንበላቸው አይቀርም።

ጥንቃቄ የሚሻው ጉዳይ

የመንደር ታሪክ የራሱ እሾህ አለው። አዛውንት ሲተርኩ የወገናቸውን ጀግንነት ያጎላሉ፤ የሌላውን በደል አይዘነጉም። ሀገሪቱ በታሪክ ትርክት ስትከራከር መኖሯ ይታወቃል። በ2012 ዓ.ም ለዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች የታቀደው የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ ኮርስ እንኳን ሞጁሉ ሲዘጋጅ ብዙ አከራክሯል። ያልሠለጠነ ተማሪ የሰማውን ሁሉ እንደ እውነት ቢጽፍ ቂም ሊቀሰቅስ ይችላል። ስለዚህ የአንዱን ወገን ከሰማ የሌላውንም እንዲሰማ፣ የተነገረውን ከተጻፈው እንዲያገናዝብ፣ ያልተረጋገጠውን «ይባላል» ብሎ እንዲለይ አስቀድሞ መማር አለበት። ይህ የሥልት ትምህርት በሞጁል ብቻ አይሰጥም፤ ፊት ለፊት የሚሰጠው ማብራሪያ ዋና ሥራው ሊሆን የሚገባው ይህ ነው።

የባለቤቶች መብትም አለ። የደብሩን ብራና ፎቶ ማንሳት የአለቃውንና የሰበካውን ፈቃድ ይጠይቃል። ቅርስ ለዘራፊ በሚጋለጥበት ዘመን የትኛው መጽሐፍ የት እንዳለ በአደባባይ መናገር ጉዳት ያስከትላል። ጸጥታ ባልሰፈነበት አካባቢ ቤት ለቤት እየዞሩ መጠየቅ ጠያቂውንም ተጠያቂውንም ለጥርጣሬ ይዳርጋል። ተቋሙ የትብብር ደብዳቤ ቢሰጥ፣ ተማሪውም ከራሱ ቤተሰብና ከቅርብ ጎረቤቱ ቢጀምር ይመረጣል።

ከመመዝገብ በፊት

ለተማሪና ለቤተሰብ የሚበጀው ምክር አጭር ነው። አንድ ተቋም ስሙ የታወቀ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ፈቃዱ ለታሪክ ትምህርት መስክ፣ ለርቀት አሰጣጡና ለሚመዘገቡበት ማዕከል የተሰጠ መሆኑን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ማረጋገጥ ይገባል። ማብራሪያው በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚሰጥ፣ የተመለሰ አሳይመንት ላይ አስተያየት ይጻፍ እንደሆነ፣ ተቋሙ በመውጫ ፈተና ምን ውጤት እንዳስመዘገበ መጠየቅም የከፋዩ መብት ነው። ጥማዱን ወይም ጤፉን ሸጦ ልጁን የሚያስተምር ገበሬ እህሉን ሳያይ እንደማይሸምት ሁሉ፣ የትምህርቱንም ጥራት ሳይጠይቅ ገንዘቡን ማስረከብ የለበትም።

ተማሪው ደግሞ ተቋሙ እስኪያዘው መጠበቅ አይኖርበትም። በአንድ ደብተርና በአንድ ስልክ የአያቱን፣ የአክስቱን ወይም የመንደሩን ሽማግሌ ቃል መዝግቦ ቀኑን፣ ቦታውንና የተናጋሪውን ዕድሜ መጻፍ ይችላል። ሞጁሉ በሚቀጥለው ዓመትም ይታተማል፤ ፈተናውም በሌላ ወቅት ይሰጣል። የርስት ሸንጎውን፣ የ1960ውን ተቃውሞና የድርቁን ዘመን የሚያስታውሱት አዛውንቶች ግን በየዓመቱ እየቀነሱ ነው። የርቀት ትምህርት ፖሊሲ ሲከለስ ጥያቄው «እንፍቀድ ወይስ እንከልክል» ከሚለው አልፎ «ተማሪው ካለበት ቦታ ምን ይዞልን ይምጣ» ወደሚለው ቢሻገር፣ ትምህርቱም የሚከበር ዲግሪ፣ ወረዳውም የተጻፈ ታሪክ ያገኛል።